የአዲሱ ፒክአፕ ብልሽትና የሾፌሩ ደመወዝ

አዲስ የተገዛ ተሽከርካሪ ገና ዓመት ሳይሞላው ሲበላሽ በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን አስቀድሞ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው። ክርክሩ አጭር ነው፤ መኪናው አዲስ ነው፤ አዲስ ነገር አይበላሽም፤ እንግዲህ ያበላሸው በእጁ የያዘው ሰው ነው። ከዚህ ድምዳሜ በመነሣት የጥገናው ወጪ ከሾፌሩ ደመወዝ እንዲቆረጥ፣ ነገሩ ሲብስም ሾፌሩ ከሥራው እንዲሰናበት እስከ መጠየቅ የሚደረስበት ጊዜ አለ። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ሐሰት ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው የሚቆምበት መሠረት የለውም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስና የስታትስቲክስ፣ ከዚያም አልፎ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ነው።

ለጉዳዩ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከሚገኝበት ከካዛንቺስ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ መንገደኛ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሳያይ ብዙ መራመድ አይችልም። ፒክአፕ የመሥሪያ ቤቱ፣ የእርዳታ ድርጅቱና የሥራ ተቋራጩ የዘወትር መሣሪያ ነው፤ ጠዋት ኃላፊ ያመላልሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶ ይጭናል፣ በማግሥቱ ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። የሰፈሩ ስም ራሱ፣ እንደሚታወቀው፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ«ካዛ ኢንቺስ» ቤቶች የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ የሚሉት ቃላትም የዚያው ቋንቋ ውርስ ናቸው። ስሙን ከዕቃው ጋር ተቀብለናል፤ ዕቃውን የምንመዝንበትን ልማድ ግን ገና አልገነባንም።

አዲስ ነገር ስለ ምን ይበላሻል?

የአስተማማኝነት ጥናት ባለሙያዎች የአንድን ምርት የብልሽት ምጣኔ ከዕድሜው ጋር በግራፍ ሲያስቀምጡ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ቅርጽ በጎን የታየ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ይመስላል። ኩርባው ከፍ ብሎ ይጀምርና በፍጥነት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ በመጨረሻም ክፍሎቹ ሲያረጁ እንደገና ይወጣል። የመጀመሪያው ከፍታ የሚመጣው በፋብሪካ ሳይታዩ ካለፉ ጉድለቶች ነው፤ በልኩ ካልጠበቀ ብሎን፣ በውስጡ የአየር ቀዳዳ ይዞ ከቀዘቀዘ ብረት፣ ካልተሟላ ብየዳ፣ ከላላ የኤሌክትሪክ ማያያዣ። እንዲህ ያለው ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱን ይገልጣል። አምራቾች ለአዲስ ተሽከርካሪ የዋስትና ጊዜ የሚሰጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለሆነም «አዲስ ነገር አይበላሽም» የሚለውን አባባል ከማንም በፊት የሚያፈርሰው ሻጩ ራሱ የሰጠው የዋስትና ወረቀት ነው።

ሁለተኛው የብልሽት ምንጭ የተሽከርካሪውና የቦታው አለመገጣጠም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በእያንዳንዱ ምጥ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም እንዲሁ። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ቱርቦው የበለጠ እንዲሽከረከርና የበለጠ እንዲግል ይገደዳል። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም የሳሳ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። በላዩ ላይ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ስለሚጨምር ልዩነቱን ወደ 4 ዲግሪ ያጠብበዋል፤ ክዳኑ ከፋብሪካ ጀምሮ የሚያፈስ ከሆነ ግን በባሕር ዳርቻ ከተማ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ የሚችለው ጉድለት በእኛ ዳገት ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተር ያፈላል። ሾፌሩ የሚከሰሰው ታዲያ «ውሃ ሳያይ ነዳ» ተብሎ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ በእርግጥም አያያዝ ነው፤ ይህን መካድ አድልዎ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር አክስሎችን በመፈተን እንዳሳየው፣ ብረት አንድ ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጫና እንኳ ጫናው ከተደጋገመበት ይሰነጠቃል። ይህ የብረት ድካም ይባላል። የአንድ ክፍል የድካም ዕድሜ ከጫናው አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል እንበል፤ ይህ ለሻካራ ግምት የሚያገለግል አኃዝ ነው። ጫናውን በ20 በመቶ ብናሳድግ 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.07 ስለሚሆን ዕድሜው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ግራም እንዲጭን በተሠራ ፒክአፕ ላይ ዘወትር ከዚያ በላይ የሚጭን መሥሪያ ቤት ባሌስትራው ሲሰበር አምራቹን ሊከስ አይገባውም። ጭነቱን ያዘዘው አለቃ ሆኖ ሳለ ሾፌሩን መክሰስም ከዚያ የተሻለ አይደለም።

እንግዲህ ሦስት ምንጮች አሉን፤ ፋብሪካ፣ ቦታና አያያዝ። የተሰበረውን ክፍል በዓይን ብቻ በማየት ሦስቱን መለየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። የሚለያቸው ልኬትና መዝገብ ነው። ሁለቱም በሌሉበት ግን ጥፋቱ የሚወድቀው ድምፁ በማይሰማው ሰው ላይ ነው።

ሌሎች እንዴት አወቁ?

ታላላቅ አምራቾችም ከጉድለት ነጻ አይደሉም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 የተሸጡ 264,170 የቶዮታ ናፍጣ ተሽከርካሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ታዋቂው ሃይሉክስ፣ በጭስ ማውጫቸው ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ ጉድለት እንዳለበት የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ወስኗል። ማጣሪያው የሰበሰበውን ጥላሸት በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ነበረበት፤ ሆኖም በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ይህን በአግባቡ መፈጸም ስላልቻለ ነጭና መጥፎ ጠረን ያለው ጭስ ይወጣ ነበር። በካሣው ስሌት ላይ የተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሜሪካም የቶዮታ ታኮማ ፒክአፖች ሻንሲ በዝገት መበላቱ ከታወቀ በኋላ አምራቹ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዋስትናውን ለማራዘም፣ የከፋ ዝገት ያለባቸውንም መልሶ ለመግዛት ተገዷል። የታካታ ኩባንያ የአየር ከረጢት ታሪክ ከሁሉ የከፋ ነው። በከረጢቱ ማንፊያ ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ለሙቀትና ለእርጥበት ሲጋለጥ ባሕርዩ ስለሚለወጥ፣ ሕይወት ማዳን የነበረበት ዕቃ ፈንድቶ የብረት ስባሪ በተሳፋሪው ላይ ይረጫል። ከሟቾቹ አንዱ እ.ኤ.አ. የ2006 ሞዴል የሆነ ፎርድ ሬንጀር ፒክአፕ ይነዳ የነበረ ሰው ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች መማር ያለብን «የእገሌ ምርት መጥፎ ነው» የሚል ፍርድ አይደለም። በየትኛውም አገር ቢሆን የተናጠል ባለቤት ብቻውን ይህን ማረጋገጥ ባልቻለም ነበር። ጉድለቱ የታወቀው የብዙዎች አቤቱታ በአንድ ቦታ ስለተጠራቀመ ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የፋብሪካ ጉድለት ከ500 ተሽከርካሪዎች በአንዱ ላይ ይገኛል እንበል። በዓመት ከዚያ ዓይነት 20 ተሽከርካሪዎችን የሚያይ ጋራዥ ጉድለቱን ቢያንስ አንድ ጊዜ የማግኘት ዕድሉ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቢያገኘውም ብቸኛ አጋጣሚ ስለሚሆንበት በሾፌሩ ላይ ያሳብባል። የ1,000 ተሽከርካሪዎች መዝገብ በአንድ ላይ ቢቀመጥ ግን ጉድለቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታየት ዕድሉ ወደ 86 በመቶ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመታየት ዕድሉም ወደ 59 በመቶ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት የተለያዩ ሾፌሮች እጅ፣ በተመሳሳይ ክፍል ላይ፣ በተቀራረበ ኪሎ ሜትር የታየ ነገር ግን ምርመራ ይገባዋል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። መረጃ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሃምሳ ሰዎች አንድ አንድ ይዘው ሲቀመጡ ከንቱ ነው፤ ሃምሳው ወደ አንድ ሙዳይ ሲገባ ዕውቀት ይሆናል።

በእኛ ከተማ ይህ ዕውቀት የሚኖረው በመካኒኮች ጭንቅላት ውስጥ ነው። የትኛው ሞዴል በስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ምን እንደሚያመው አብጠርጥረው የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉን። ያልተጻፈ ዕውቀት ግን ከሰው ጋር ይበተናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሲዛወር፣ ጎረቤትና ደንበኛ እርስ በርስ ይለዋወጡት የነበረው እንዲህ ያለው የቃል ዕውቀትም አብሮ ተበትኗል።

ምን ይደረግ?

ሕጉ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢው ግን ዕቃውን በተረከበ ጊዜ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅበትን ጊዜ 15 ቀናት አድርጎታል። ሕጎቹ የሚያግዙት በጊዜው መርምሮ በጽሑፍ የያዘን ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተከፍሎ የደረጃዎች፣ የሥነ ልክ፣ የተስማሚነት ምዘናና የአክሬዲቴሽን ተቋማት ሲመሠረቱም አገሪቱ ለልኬት ቦታ መስጠቷን አሳይታለች። የጎደለው እነዚህን ከመንገዱና ከጋራዡ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አዲስ ተሽከርካሪ ከተረከበበት ዕለት ጀምሮ የኪሎ ሜትሩን ንባብ፣ የጭነቱን ክብደት፣ የመንገዱን ዓይነትና የብልሽቱን ምልክት በሾፌሩ በራሱ ቃል ይመዝግብ። ሾፌር ድምፅና ንዝረት ሲለወጥ ከማንም አስቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ መዝገቦች በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ወይም በአንድ ገለልተኛ ተቋም ይሰብሰቡ፤ እያንዳንዱ ተሽከርካሪም በሻንሲው ላይ በተቀረጸው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ይታወቅ። በውጭ አገር ለጥገና እንዲመለስ ጥሪ የተደረገለት ሞዴል በእኛ መንገድ ላይ መኖር አለመኖሩን በዚሁ መለያ ማጣራት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ የጽሑፍ ውጤት እስኪሰጥ ድረስ በአዲስ ተሽከርካሪ ብልሽት ምክንያት የማንም ሾፌር ደመወዝ አይቆረጥ።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። የምንጠይቀው ግን በአመዛኙ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጥቂት ትዕግሥት ነው። «ጊዜው አልፎበታል፤ ናፍጣው ሊቀር ነው» የሚሉም አይጠፉም። እርግጥ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ነው። ይሁንና ይህ መዝገቡን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክሲጅን ባይሻም ባትሪውን ለማቀዝቀዝ አየር ይፈልጋል፤ የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከለል ችሎታውም አነስተኛ ነው። በርካታ የኤሌክትሪክ ደረጃዎች መነሻቸው እስከ 2,000 ሜትር ያለው ከፍታ ሲሆን ከተማችን ከዚያ በላይ ናት። የሶፍትዌር ጉድለትን ደግሞ የሠለጠነ የመካኒክ ጆሮ እንኳ አይሰማውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ቤተ ሙከራ መጠበቅ አያስፈልግም። በአካባቢያችሁ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ የአሥር ተሽከርካሪዎችን የአንድ ዓመት ታሪክ በሠንጠረዥ አስፍሩ፤ የብልሽቱን ቁጥር ከኪሎ ሜትሩ ጋር በግራፍ አስቀምጡ፤ ገንዳው ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። አሥር ተሽከርካሪ ጥቂት ነው፤ ከሌላ ጓደኛችሁ አሥር ጋር ሲደመር ግን ሃያ ነው። በክፍል የምትማሩት ግፊት፣ የመፍያ ነጥብ፣ ንዝረትና ፕሮባቢሊቲ የፈተና ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ትረዳላችሁ። በትክክል የተሞላ አንድ ሠንጠረዥ የአንድን ሰው እንጀራ ከጉሮሮው ከመነጠቅ ሊያድን ይችላል።