ጥድ በጥድ ተተካ

በአዲስ አበባ «ጥድ» ብለን የምናልፋቸው ዛፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የሐበሻው ጥድ በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥና በእንጦጦ የቆመው ነው፤ እድገቱ አዝጋሚ፣ እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረው። የፈረንጁ ጥድ ደግሞ ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ፈጥኖ የሚያድግና ባለቪላው ለአጥር የሚከረክመው ነው።

መለያው ፍሬው ነው። የሐበሻው ፍሬ አተር የሚያህል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ የፈረንጁ ግን ደረቅ፣ እንጨት መሰል፣ ሲደርስ የሚሰነጠቅ። ወንዱ የሐበሻ ጥድ ፍሬ አይዝምና ጎረቤቱን መመልከት ይበጃል።

«የአርት ተማሪ ስለ ዛፍ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባውማ ስሙ ነው! መንገድ ሲሰፋ ያረጀ የሐበሻ ጥድ ተቆርጦ የፈረንጅ ችግኝ ቢተከል፣ መዝገቡ «ጥድ በጥድ ተተካ» ይላል፤ ቃሉም ሐሰት አይባልም። ተከራካሪ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ማኅበራችን በግቢው ዛፎች አጠገብ ስማቸውን የያዘ ሰሌዳ ያቁም። ቆርቆሮና ቀለም ከአንድ የዳንስ ምሽት ወጪ አይበልጥም። ሰሌዳው ግን በገዛ እግሩ ይቁም እንጂ ግንዱ ላይ በምስማር አይመታ።