ለአረጋውያን የምናቀርበው የበዓል ጣፋጭ



የአምሳ አምስቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ፣ ምእመናን ሌሊቱን በጸሎትና በቅዳሴ አሳልፈው ወደየቤታቸው ሲመለሱ በማዕዱ ዙሪያ ቀድመው የሚቀመጡት አባቶችና እናቶች ናቸው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ ይህ ወቅት ግብዣውም ዘመድ ጥየቃውም የሚበዛበት ነው። ስለዚህ ብዙ አረጋውያን በአንድነት ሲሰበሰቡ ሁሉንም የሚያስደስት ምን ጣፋጭ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ፣ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አረጋዊን ማክበር ትእዛዝ ከሆነ፣ የሚስማማውን መርጦ ማቅረብም የዚያው ትእዛዝ ክፍል ነው።

ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም ሳለ፣ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ከሌሎች ጋር ሆኖ ገብስና ስንዴ፣ ዱቄትና ቆሎ፣ ማርና ቅቤ፣ በጎችም ይዞለት መምጣቱ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ንጉሡ በኋላ ውለታውን ለመመለስ ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲወጣ ቢጋብዘው ግን፣ ሰማንያ ዓመት የሞላው ይህ ሽማግሌ የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም መለየት እንደተሳነው ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ለተራበው ሰው የሚስማማውን ያወቀው ቤርዜሊ፣ ለራሱ ዕድሜ የማይስማማውንም ያውቅ ነበር። ለአረጋውያን ማዕድ የሚያሰናዳ ሁሉ ከዚህ ሰው ሊማር ይገባዋል።

ቤርዜሊ ያቀረበው ሁሉ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው እንግዳ አይደለም። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የመንዝ ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው። በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበው የመርሐቤቴ ምድርም ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፤ ንቡም ማሩን ይሰጣል። ዛሬ ግን ከተማ የሚኖሩ ልጆች ለበዓል ሲመጡ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን በክሬም የተለበጠ ኬክ በካርቶን ይዘው ይገባሉ። የመጡበት ፍቅር ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም መንገዱ ረጅም ነው፤ ክሬሙ በጉዞው ሙቀትና መናወጥ ይበላሻል። አዛውንቶቹም ይሉኝታ ይዟቸው ጥቂት ይቀምሱና መርቀው የቀረውን ለልጅ ልጆቻቸው ያሳልፋሉ። በልተው የተደሰቱ መስሎን እኛም ደስ ብሎን እንነሣለን።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳት የሚታየው በሰንበቴና በማኅበር ነው። ሰንበቴ በተራ የሚወጣ የፍቅር ማዕድ ነው። ባለተራው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ባርኮ ይቈርሳል፤ ባለጸጋውም ድሀውም ከአንድ መሶብ ይካፈላሉ። አንዱ ባለተራ ውድ የከተማ ጣፋጭ ካመጣ ግን የሚቀጥለው ከእርሱ ላለማነስ ይበደራል። ከእርሱ ቀጥሎ ተራ የሚደርሳት ባልቴት የማትችለውን እያሰበች ከማኅበሩ መራቅ ትጀምራለች። አንድ አረጋዊት በኀፍረት ከሰንበቴ ከቀረች፣ ማዕዱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ ዓላማውን ስቷል።

ታዲያ ምን ይቅረብ? በእኔ አስተያየት ከበሶና ከማር የተሻለ አይገኝም። ተፈትጎ፣ ተቈልቶና ልሞ የተፈጨ የገብስ በሶ በንጥር ቅቤ ሲታሽ፣ ብዙዎች ጭኮ የሚሉት ምግብ ይሆናል። ጥርስ የሌለው ሁሉ ያለ ችግር ይበላዋል። አስቀድሞ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ፣ ሠላሳና አርባ ሰው ቢመጣም አስተናጋጇ ከእሳት ዳር ሳትውል በትናንሹ ቈርሳ ታድላለች። ከጐኑ ያልፈላ ብርዝ ቢቀርብ፣ ጠጅ የማይጠጡትም ከማሩ ይካፈላሉ። የድፎ ዳቦ ለስላሳው ውስጡ ማር ተቀብቶ ቢታደልም መልካም ነው። በጾም ወራት የሚውል ማኅበር ሲሆን ደግሞ ቅቤው ቀርቶ በሶው በማርና በውኃ ይበጠበጣል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የገባበት ኬክ ግን በዚያ ወቅት ጨርሶ አይቀርብም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከረጅም ጾም የወጣ ሆድ ቅቤን በአንድ ጊዜ አይችልም። እናቶቻችን በፋሲካ ሌሊት አስቀድመው ተልባ ማጠጣታቸው በምክንያት ነው። ስለዚህ ቅቤው በልክ ይሁን። ማርም ቢሆን የስኳር ሕመም ላለበት ሰው እንደ ስኳር ሁሉ የሚጐዳ ነው፤ «ማር መድኃኒት ነው» እያሉ ማስገደድ አይገባም። ለእንዲህ ያሉት ማር ያልገባበት በሶ በትንሹ ለብቻው ይቀመጥላቸው። ይህም በሰው ፊት «እርስዎ በሽተኛ ነዎት» ተብሎ ሳይነገር፣ አስተናጋጁ አስቀድሞ ቤተሰባቸውን ጠይቆ በዝግታ የሚፈጽመው ነው።

«ዘመኑ ተለውጧል፤ ኬክ መብላት ኃጢአት ነውን?» የሚሉ ይኖራሉ። ኬክ በፍስክ ቀን ኃጢአት አይደለም፤ ልጆችና ወጣቶችም ይደሰቱበት። ጥያቄው ማዕዱ ለማን ክብር ተዘረጋ የሚለው ነው። ለአረጋውያን ከሆነ በእነርሱ ጥርስ፣ በእነርሱ ጤናና በእነርሱ ትዝታ ይመዘን። ደግሞም በሶውን ፈትጋ፣ ቈልታና አሽታ የምታቀርብ ወጣት ከአያቷ እጅ ሙያ ትወርሳለች፤ አያቲቱም ቁጭ ብላ ከመጠበቅ ይልቅ «ቅቤው በዛ፣ ቆሎው አረረ» እያለች ታርማለች። ይህ ደስታ በካርቶን ተገዝቶ አይመጣም።

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ተገልጦ በፊታቸው በበላ ጊዜ፣ ከዓሣው ጋር የቀረበለት የማር ወለላ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። በነህምያ ዘመንም ሕዝቡ በተቀደሰው ቀን ጣፋጩን እንዲጠጡ ሲነገራቸው፣ ምንም ላላዘጋጁት ድርሻ እንዲልኩ አብሮ ታዝዘዋል። እኛም ማዕዳችንን ስናነሣ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት ላልወጡት አባቶችና እናቶች ጥቂት በሶና አንድ ብርሌ ብርዝ በልጆች እጅ እንላክላቸው።

በዓሉን የሰላም፣ የጤናና የበረከት ያድርግልን፤ አሜን።