የሐዲድ ልጆች ለኢንተርቪው ሲሸመድዱ

የድሬ ሙቀት እንዳለ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያው ግን ቀዝቀዝ ብሏል። እናላችሁ፣ "የግዥ ባለሙያ፣ ዜሮ ዓመት" የሚል ወረቀት የሆነ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ቁጥር አንድ የታወቀ ፋይል ከስልክ ስልክ መዞር ይጀምራል። "ፕሮኪዩርመንት ምንድን ነው?" ይልና በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ትክክለኛ ዕቃ፣ በትክክለኛ ጥራት፣ መጠን፣ ዋጋና ጊዜ። አምስት ጣት አምስት መልስ። ሎጂስቲክስ የተማሩ ጓደኞቻችን ይህን እንደ ዳዊት ሲደግሙ እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነው ፈታኝ ሆነን እንቀመጣለን (ጥያቄ መጠየቅ ነዋ የተማርነው!)።

ነገሩ ግራ የሚያጋባን እዚህ ላይ ነው። አቦ፣ ድሬ ራሷ የሎጂስቲክስ ልጅ አይደለችም እንዴ? ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራውን የመውጣቱ ወጪ ግን አልቀመስ አለ። ከወጪ ስሌት የተወለደች ከተማ ናት ማለት ነው! ዛሬ ደረቅ ወደብ አላት፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፍቷል። የዚህች ከተማ ልጅ "ሊድ ታይም ምንድን ነው?" ሲባል የሸመደደው መስመር እየጠፋው ሲያልበው ማየት ያናድዳል። ከአወዳይ ተነስቶ ጅቡቲ ስለሚገባው ጫት ይናገራ! ጫት ካደረ ይጠወልጋል፣ ዋጋውም አብሮ ይጠወልጋል። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ዲመሬጅም እንደዚያው ነው። ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ በየቀኑ የሚቆጠረውን ክፍያ ትራንዚተር አጎት ያለው ሁሉ እራት ላይ ሲያማርሩ ሰምቶት አድጓል። መልቲሞዳልና ዩኒሞዳልን የሚለየው ጉዳይም (ዕቃው በአንድ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ይመጣል ወይስ አስመጪው ራሱ ጅቡቲ ላይ ይጨርሳል የሚለው) ከእነሱ አፍ ይበልጥ ይገባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ጋብዟቸው፤ የሚያወሩት ያን ፋይል ያስንቃል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የጠሩህ፣ ወረቀቱን እወቅ። ዕቃ መጠየቂያው ሞዴል 20፣ ገቢ ማድረጊያው ሞዴል 19፣ ወጪ ማድረጊያው ሞዴል 22 ነው። የትኛውም ትምህርት ቤት ያለ ንብረት ክፍል በአሥር ደቂቃ ያስረዳሃል። ሕጉን ደግሞ ከስሩ አንብብ፤ እየዞረ ያለው ፋይል አሁንም አዋጅ ቁጥር 649/2001ን ይጠቅሳል፣ እሱ ግን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። (ፈታኙ ራሱ የድሮውን አንብቦ ከሆነስ? በትህትና አዲሱን ጥቀስለት፤ ከዚያ በኋላ የፈጣሪ ፈንታ ነው።) የመድኃኒት መጋዘን ከሆነ በድሬ ሙቀት ምን ታደርጋለህ መባሉ አይቀርም። ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይወጣል፣ የመጋዘኑ ሙቀትም በየቀኑ ይመዘገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን "አለቃህ እገሌን አሸናፊ አድርግ ቢልህስ?" የሚለው ነው። ፋይሉ "ሥነ ምግባር አለኝ በል" ይላል። ይኼ መልስ አይደለም። የጨረታ መመዘኛው ፖስታው ከመከፈቱ በፊት የተጻፈ መሆኑን፣ ከእሱ ውጭ ነጥብ መስጠት እንደማይቻል፣ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁንልኝ እንደምትል ተናገር። በጽሑፍ ሲባል ብዙ አለቃ ይተወዋል።

ፈታኞችንም ዝም ብለን አናልፍም። አንዷ ጓደኛችን፣ ስሙን በማንጠራው መሥሪያ ቤት፣ ስለ ግዥ አንድም ጥያቄ ሳትጠየቅ "ማታ የጭነት መኪና ሲገባ ባልሽ ምን ይላል?" ተባለች። ባል የላትም! ቢኖራትስ? ከእሷ በፊት የገባው ወንድ ሚስቱ ምን እንደምትል አልተጠየቀም፣ ጠይቀነዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በጾታ ማዳላትን ይከለክላል፤ እኛ ግን ሥራ ፈላጊ ፈታኙ ፊት አዋጅ መምዘዝ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። ስለዚህ አጭር መልስ አዘጋጅተናል፦ "ዕቃ የሚረከብ ሰው ነው የምትፈልጉት፣ አረካከቡን ላስረዳችሁ" ትልና ሞዴል 19ን ትጀምራለች። ካልቀጠሯትም ቢያንስ ስለ ሥራው ተወርቷል።

ማክሰኞ ሌላ ቦታ ተጠርታለች። ፈታኝ ሆነን የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ሦስት ጊዜ አረካከቡን አስረድታናለች፣ አሁን እኛም ዕቃ መረከብ ሳንችል አንቀርም።