ስለ «ማስፈራርቾ» ጥይት

በጦርነት ጊዜ የተወለደ ተረት ሁሉ የጀግንነት ጌጥ ተደርጎ ሲተረክ እንሰማለን። «ወታደሩን አጽናንቶታልና ማንን ጎዳ?» የሚሉም አሉ። እኛ ግን ተረቱ ያስከፈለው ዋጋ ሳይመረመር እንዲህ ያለ ፍርድ ሊሰጥ አይገባም እንላለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሌሊት ወደ ጀርመን ይበሩ የነበሩት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች በጨለማው ሰማይ ላይ ድንገት ታላቅ ነበልባል ሲፈነዳ ያዩ ነበር። ብዙዎቹም ይህ ጠላት ልባችንን ለመስበር የሚተኩሰው፣ የሚጋይ አይሮፕላን የሚያስመስል ጥይት ነው ብለው አመኑ፤ ስሙንም «ማስፈራርቾ» አሉት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ጀርመኖች እንዲህ ያለ ጥይት ከቶ እንዳልነበራቸው ታወቀ። ያ ነበልባል ብዙውን ጊዜ ሰባት ሰው የያዘ እውነተኛ አይሮፕላን ነበር።

ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን የሌሊት ተዋጊ አይሮፕላኖች ላይ አፋቸው ወደ ላይ የተቀሰረ መድፎች ይገጠሙ ጀመር። ተዋጊው ከቦምብ ጣዩ ሆድ ሥር ተጠግቶ በክንፉ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ማጠራቀሚያ ይመታል። የላንካስተር አይሮፕላን መትረየሶች ግን በአፍንጫው፣ በጀርባውና በጅራቱ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ በኩል አልነበሩም። እንግዲህ የጓደኛውን ሞት «ማስፈራርቾ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው፣ «ይህን አይሮፕላን ማን መታው? ከወዴትስ መታው?» ብሎ ሊጠይቅ እንዴት ይችላል? ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ያልታወቀ አደጋም መከላከያ አይበጅለትም።

«ያለ ተረቱ ባልበረሩ ነበር» የሚለውን ክርክር ደግሞ አንቀበለውም። ከ125,000 ያህሉ የቦምብ ጣይ ክፍል በራሪዎች ከ55,000 በላይ ሞተዋል። በየማለዳው በቁርስ ገበታ ዙሪያ ባዶ ወንበር የሚቈጥር ሰው ሞት መኖሩን ከማንም አይማርም። ይህን እያወቁ በማግስቱ ሌሊት ተነሥተው የበረሩትን፣ ድፍረታቸው የተረት ስጦታ ነበር ማለት ማክበር ሳይሆን ማሳነስ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋቱ ሳይደርስ በሰማይ ላይ ለጋየ ሰው ግን እያደር የሚጠራ እውነት ምን ይረባዋል? ስለዚህ ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሁሉ ተረቱን ባወሳ ጊዜ፣ በተረቱ የተሸፈኑትን ሙታን አብሮ ያውሳ።