የአባባ ታሪክ በአንድ ገጽ ተኩል

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ እንደየመልኩ ይኖራል፤ የሕይወት ታሪኩ ግን በአንድ ቅጽ ይጻፋል። ቅጹን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...” ከዚያ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ጡረታ፣ ከዚያ “ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው”። መጨረሻ ላይ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር። አለቀ። ሰማንያ ዓመት በአንድ ገጽ ተኩል!

እዚህ ላምበረት ከቀበርናቸው አባቶች አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የተነበበው “በሹፌርነት ሙያ ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል” የሚል ነው። ውሸት የለውም። ግን በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ የሰማሁት ሌላ ሰው ነው። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ጭነት ያመላልሱ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሕፃናቱን የሚያስተኙት በተረት ሳይሆን መንገዱን እየቆጠሩ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ... አሰብ የደረሰ ልጅ የለም፤ ሁሉም ሚሌ ላይ ይተኛል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደተሰማቸው ግን የጠየቃቸው የለም። ከመናኸሪያው ወደ ደሴ የሚወጣውን አውቶቡስ ቆመው ያዩት ነበር አሉ። ይኸው ነው የቀረው።

ጸሐፊውን አልወቅስም። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው በለቅሶ ሌሊት ነው፤ ግማሹ ቤተሰብ እያለቀሰ፣ ግማሹ ስለ ድንኳንና ስለ አውቶቡስ እየተሯሯጠ፣ “አንተ ጽሕፈት ትችላለህ” በተባለ የእህት ልጅ እጅ። በዚያ ሰዓት ማን ምን ያስታውሳል? አስቸጋሪውም ነገር አብሮ ይዘለላል። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት የተወረሰበት፣ በቀይ ሽብር ወንድሙን ያጣ፣ ሁሉም “በወቅቱ በነበረው ሁኔታ” በሚል ሐረግ ይታለፋል። እኛም አያቶቻችን ያለፉበትን ዘመን ከመጽሐፍ እንማራለን፤ ምስክሩ ሳሎን ተቀምጦ ዜና እያየ።

ይህን አስቀድሞ የገባው ሰው መንግሥቱ ለማ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በ“ጠልፎ በኪሴ” እና በ“ያላቻ ጋብቻ” ነው። ለንደን ተምሮ የመጣው ይህ ደራሲ አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጦ አስወራቸው፤ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዳ፤ “መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ” ብሎም አሳተመው። የቆሎ ተማሪነቱ፣ የቅኔ ቤቱ፣ የዘመኑ ወሬ ሁሉ አለበት። ለእኔ ትልቁ ነገር ታሪኩ አይደለም፤ የሽማግሌው አነጋገር ነው። መንግሥቱ አባቱን ሊያሳምራቸው አልሞከረም። ሲያነቡት አጠገብዎ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስላል።

እሱ ቴፕ ፈልጎ ነው። እኛ ኪሳችን ውስጥ መቅጃ ይዘን እንዞራለን፤ የምንቀዳው ግን የሠርግ ጭፈራ ነው።

“ሟርት ነው፣ ሳይሞቱ ታሪካቸውን መጻፍ” የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ግን ልጆች እንጂ ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ሽማግሌ የሚከፋው ሲጠየቅ ሳይሆን ወሬ ሲጀምር “አባባ፣ ይህንን ነግረውናል እኮ” ሲባል ነው።

አጠያየቁ ላይ ብቻ ብልሃት ያስፈልጋል። “የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ” ካላችሁ “እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ” ብለው ይዘጉታል። የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር በሏቸው። ለእማማ ሽማግሌ የላኩት ማንን ነው? አዲስ አበባ ሲገቡ የት አደሩ? ስልኩን ሲያዩ ዝም ካሉ አታስቸኩሏቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ተዉትና ቡናው እስኪፈላ ጠብቁ።