የአያት ዲኤክስና የልጅ ልጅ ምኞት

ከመገናኛ ተነስታችሁ በላምበረትና በወሰን በኩል ወደ ኮተቤ ካራ ስትወጡ፣ ከመንገዱ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጅ ኮፈኑ ተከፍቶ የቆመ ዲኤክስ ሳታዩ አታልፉም። ስሙ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው አራተኛው የኮሮላ ትውልድ ሲሆን የሚያውቁት ሰዎች በሻንሲ ኮዱ ኬኢ70 ይሉታል። ከአርባ ዓመት በኋላም ሰው ሥራ ያደርሳል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመልሳል፣ ሲያስፈልግም ሠርግ ያጅባል።

ለምን እስካሁን አልተጣለም ካላችሁ መልሱ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ፣ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ስለዚህ በግቢው አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ከመሸጥ ማደስን ይመርጣል። ችግሩ “እናድሰው” የሚለውን ቃል አያት፣ እናትና ልጅ በየራሳቸው ትርጉም መስማታቸው ነው።

በእኛ ቤት ያለው ዲኤክስ የአባቴ ነው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ዘንድሮ ትምህርቱን የጨረሰው ልጄ ሊያድሰው ተነሳ። እኔ የምፈልገው በየቀኑ ሥራ የምሄድበትና ትንሿን ልጄን ትምህርት ቤት የማደርስበት መኪና ነው። ልጄ ያመጣው ዝርዝር ግን ሌላ ነበር፦ ማርሚታው ተቆርጦ በወፍራም ቱቦ ይቀየር፣ ሞላው ተቆርጦ መኪናው ዝቅ ይበል፣ ቸርኬው ይለወጥ፣ ትልቅ ስፒከር ይግባ፣ ሞተሩም ጉልበት ያለው ይሁን።

መመኘቱ አይገርመኝም። ዲኤክስ ቀላል ነው፣ የሚነዳውም በኋላ እግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውና በውድድር ስሙ የገነነው ኤኢ86 የሚባለው ኮሮላ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ጃፓኖች «ኢኒሺያል ዲ» በተባለው የሥዕል ታሪካቸው ተራራ ለተራራ የሚያስጋልቡት መኪና እሱ ነው፤ ልጆቻችንም የሚያውቁት ከዚያ ነው። በእርግጥ ዝነኛው ኤኢ86 ባለ 16 ቫልቭ፣ 1,587 ሲሲ ሞተር አለው፤ የእኛው 4ኬ የሚባል 1,290 ሲሲ ትሑት ሞተር ነው። ቢሆንም በስልኩ ሲያየው የኖረውን መኪና ዘመድ አያቱ ግቢ ያገኘ ልጅ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

አባባ ዝርዝሩን አስነብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። “አንተ ልጅ፣ ከካራ ቁልቁል ስትወርድ ከነዚህ የትኛው ነው የሚያቆምህ?”

ጥያቄው ዝርዝሩን ገለበጠው። መጀመሪያ ፍሬን ሆነ። ዲኤክስ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ያለው ሲሆን በደንብ ከተያዘ ለመኪናው ክብደት ይበቃዋል። ለዓመታት የቆመ መኪና ግን የፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ወደ እግሮቹ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎችም ይሰነጣጠቃሉ። የፍሬን ዘይቱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ አረፋ ይፈጥራል፣ ፔዳሉም እግር ሥር ይሰምጣል። ስለዚህ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። እኛ ሸራውን፣ ቱቦዎቹንና የማስተሩን ጎማዎች በአዲስ ለወጥን። ሲጠናቀቅ ለዓይን የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም፤ ልጄም ለጓደኞቹ የሚያሳየው ፎቶ አጣ። አባባ ግን ከጎኑ ተቀምጠው ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ መውረድን ሲያስተምሩት ዋሉ፤ ያንን የሚሸጥ ጋራዥ የለም።

በቸርኬው ጉዳይ ልጄ እውነት አለው። ዲኤክስ ሲሠራ ቀጭን የ13 ኢንች ጎማ ነበር የተገጠመለት። በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ 185/60 ጎማ ሲገባ አጠቃላይ ቁመቱ ከቀድሞው 155 ጎማ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም፣ መንገድ የሚይዘው የጎማ ስፋት ግን ይጨምራል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ውሃ ሲጠጣ ልዩነቱ ይታወቃል። ሲገዙ መታየት ያለበት የጎማው ዕድሜ ነው። በጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን አሥር ዓመት ያስቆጠረ ጎማ “አዲስ ነው እኮ” ቢባልም ልጅ አይጫንበትም።

ሞላ መቁረጡን ግን ሦስታችንም፣ መካኒኩም ጭምር፣ አልተቀበልነውም። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚገቡትን የኮተቤን መንገዶች የሚያውቅ ሰው በዝቅተኛ መኪና የት ሊደርስ እንደሚችል ያስበው።

ቀጥሎ ዳገቱ መጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኮተቤና ካራ ደግሞ ከመሃል ከተማው ከፍ ይላሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ተራ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደግሞ ለስሱ አየራችን ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ያፈሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ገንዘብም ይቃጠላል። ልጄ “ሞተሩ ጉልበት የለውም” ያለው ግማሹ ይኼ ነበር። ካርቡራቶሩ ታጥቦ የቤንዚን ማስተላለፊያው ቀዳዳ ለከፍታው ሲመጠንና እሳቱ ሲስተካከል ሌላ መኪና መሰለ።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ካለቀ በወሰን ዳገት ላይ በጠዋቱ ወረፋ መሃል እንፋሎት ይተፋል። ስንት ሰው ራዲያተር ሲያስበይድና ሲያስቀይር ከርሞ በመጨረሻ ጥፋቱ የክዳን ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው በአሮጌ መኪናዎች የማየው ነገር “ያግለዋል” ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ መጣሉ ነው። ያለ እሱ ሞተሩ በኮተቤ የጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይጠጣል። እኛ መልሰን አስገባነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሾፌሩ ነው። ወላጅና አያት የሆናችሁ አንባቢዎቼ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የኋላውን ወንበር ነው። የእኛ ዲኤክስ ከኋላ ቀበቶ አልነበረውም። እኔም ወንድሞቼም እዚያ ላይ ተደራርበን ነው ያደግነው፤ ምንም አልሆንንም። ልጄ ይህንኑ ይዞ “እናንተ ያለ ቀበቶ አድጋችሁ የለ?” ሲል አባባ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ “ያኔ መንገዱ ባዶ ነበር፤ እኛም እድለኞች ነበርን” አሉት።

አንድ ስሌት ልንገራችሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ቢቆም ቀበቶ ያላሰረ ልጅ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወድቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። አያት ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ቢይዙትም እጃቸው አይችለውም። ስለዚህ ለስፒከር ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀበቶ ሄደ። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ቀበቶ በርካሽ ይገኛል፤ ሆኖም ያ መኪና ተጋጭቶ ከሆነ ቀበቶው አንዴ ተለጥጧልና አዲሱን መረጥን። ከቀበቶው ይልቅ የሚያሳስበው የሚታሰርበት ቦታ ነው። በስስ ላሜራ ላይ በቡሎን ብቻ የተያዘ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ቦታው ዝገት እንደሌለው ማየት፣ ከጀርባው ወፍራም ብረት ማስበየድ ያስፈልጋል። ስቱኮ ዝገት ደብቆ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። በእኛ መኪና በቀኝ የኋላ ጎማ በላይ ማግኔቱ ወደቀ፤ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተተካ፣ ሥራውም ሁለት ሳምንት ዘገየ። ትንሿ ልጄ ቁመቷ ገና 135 ሴንቲ ሜትር ስላልሞላ ቀበቶው አንገቷ ላይ እንዳያልፍ ከፍ የሚያደርጋት የልጅ መቀመጫም ተጨመረ። መጀመሪያ አኮረፈች፤ መስኮቱ በደንብ ሲታያት ታረቀች።

ማርሚታው ላይ ግን ጦርነት ነበር። ድምፁ እኔን አያስጨንቀኝም፤ ጎረቤት ሕመምተኛና አራስ እንዳለ ልጄም ያውቃል። የሚያስፈራኝ ተቆርጦ ከኋላ ወንበር ሥር የሚያልቅ የጭስ ቱቦ ነው። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት ተዘግቶ ወረፋ ላይ ሲቆም፣ በወለሉ ትንሽ የዝገት ቀዳዳ ገብቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቱ ነው። ልጅዎ አሮጌ መኪና ውስጥ በገባ ቁጥር “ያጥወለውለኛል” ካለ የሆዱ ነገር ነው ብለው ከማለፍዎ በፊት ከመኪናው ሥር ያስመልከቱ። ቱቦው ሙሉ ሆኖ፣ ጫፉ ከመኪናው ኋላ ወጥቶ እንዲገጠም ተስማማን። ልጄ ጫፉን ብቻ የሚያብረቀርቅ አድርጎታል።

መብራቱም አጭር ነገር አለው። በአሮጌ ሽቦ ውስጥ ኃይሉ መንገድ ላይ ስለሚቀር አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ኤሌትሪሺያን ሪሌ ሲያስገባለት ያው አምፖል ይበራል። ለሃሎጅን በተሠራ ፋኖስ ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ማጥፋት ነው፤ በነሐሴ ጭጋግ ከእንጦጦ በኩል የወረደ ሰው ያውቀዋል።

የቀረው የሞተሩ ክርክር ነው። ልጄ 4ኬው ወጥቶ 5ኬ የሚባለው የቶዮታ 1,486 ሲሲ ሞተር እንዲገባ ይፈልጋል፤ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ሳይቸገር ይገጠማል። መካኒኩም “እትዬ፣ ዳገቱን ይበላዋል” ብሎ አግዞታል። እኔ በልቤ አልጠላሁትም። ሆኖም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የሰፈረ ነው፤ የሚገባው ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ሊኖረው፣ ለውጡም ቦሎ ከመታደሱ በፊት ሊመዘገብ ይገባል። ሰነድ የሌለው ሞተር ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ልጄ ሰነድ ያለው ፍለጋ በየሳምንቱ መርካቶ ይመላለሳል። አባባ ሊብሬውን ትራሳቸው ሥር አድርገው “መጀመሪያ ይኼኛው አንድ ክረምት ይውጣ” ብለዋል። እሱም መስከረምን እየቆጠረ ነው።