መጀመሪያ ቁስሉ ይታጠብ

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ አንዲት እናት ደወሉ። ሌሊት ሸለምጥማጥ ቆጥ ውስጥ ገብቶ እንቁላል ጣይ ዶሯቸውን ጀርባዋንና አንገቷን ቦጫጭቆባቸዋል፤ ነፍሷ ግን አለች። «ምን ላድርግላት ልጄ?» አሉ። የዶሮ እርባታ አማካሪ ተብሎ የተጋበዘው ሰው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መለሰ፦ «እማማ፣ አይጨነቁ። የሰው ቴትራሳይክሊን ይግዙ፤ አንዱን እንክብል ፈልቅቀው ቁስሉ ላይ ይነስንሱባት፣ ሌላውን መጠጫዋ ውስጥ ይበጥብጡላት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ትጭራለች።» አዘጋጁ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ደዋይ አለፈ።

ይህን ምክር የማያውቀው ዶሮ አርቢ ጥቂት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ይነግረዋል፤ መድኃኒት ቤት በር ላይ ይባላል፤ አሁን ደግሞ በባለሙያ ስም በአየር ላይ ዋለ። እኔን ያስቆጣኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ሲናገር ውኃ የሚባል ነገር ካፉ አልወጣም። ቁስሉን ይጠቡት አላለም። ከአውሬ አፍ ለወጣች ዶሮ ከሁሉ በፊት የሚደረገውን፣ ብዙ ጊዜም የሚያድናትን ሥራ ዘሎ ዱቄት አዘዘ።

የሸለምጥማጥ ጥርስ ቀጭንና ሹል ነው። ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ፣ ላባም የሸፈነው ነው፤ ከቆዳው ሥር ግን ሥጋው ተሰነጣጥቋል። ውሻ ሲሆን ደግሞ ከመብሳት ይልቅ ይጨፈልቃል፤ ቆዳው ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ዶሮ ብዙ ነው። በዚያ ቀዳዳ የአውሬው ምራቅ፣ የቆጡ ኩስ፣ አፈር፣ የተሰበረ ላባ አብሮ ገብቷል። በዚህ ላይ ዱቄት ሲነሰነስ ከደሙ ጋር ተቦክቶ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ከላይ ደረቅ ነው፤ ባለቤቷም «ዳነች» ይላል። ቆሻሻው ግን እንዳለ ከሥር ተቀብሯል።

የወፍ መግል ደግሞ እንደ ሰው መግል አይፈስም። ነጭ የደም ሴሎቻቸው መግሉን የሚያቀጥነው ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው እንደ አይብ ይረጋል፣ ይጠጥራል። ፈሶ የሚወጣበት መንገድ የለም፤ በደም የሚሄድ መድኃኒትም እምብዛም አይገባበትም፤ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ መውጣት አለበት። አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን ካላወቀ ለምን ተጋበዘ? ካወቀስ በምን ሕሊናው ነው ያልታጠበ ቁስል ላይ ዱቄት ያዘዘው?

«ገጠር ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የት ይገኛል?» የሚሉ ተሟጋቾች አሉ። ይህ ክርክር ለእነርሱ አይሆንም። እንክብሉን ለማግኘት መድኃኒት ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ውኃና ጨው ግን እቤት አለ። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ለብ እስኪል ማቆየት ማን ያቅተዋል? በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ መከርከም ነው፤ መንጨት አይደለም፣ የተጎዳው ቆዳ አብሮ ይቀደዳል። ከዚያ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ውኃውን ቀዳዳው ውስጥ እየረጩ ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብ። አልኮል አይፈስስበትም፤ ሊድን ያለውን ሥጋ ይገድላል። የቡና ዱቄትም አይደረግበትም፤ እርሱም ራሱ ተጨማሪ ቆሻሻ ነው። በውኃ የቀጠነ አዮዲን ወይም ንጹሕ ማር ይቀባል፤ በማግስቱ ተከፍቶ ይታያል፣ እንደገና ይታጠባል። ዝንብ እንቁላሉን ከጣለበት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላበታልና ውጭ መለቀቅ የለባትም።

ቁስሉ ሲታጠብ የአየር አረፋ የሚያወጣ ወይም ቆዳዋ እንደ ተነፋ የሚያብጥ ከሆነ ጥርሱ የአየር ከረጢቷን ደርሶታል ማለት ነው። የዶሮ መተንፈሻ ሳንባ ላይ አያበቃም፤ በሰውነቷ ውስጥ በተዘረጉ ከረጢቶች ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ላይ ውኃ በግፊት አይረጭም፤ ዱቄት ነስንሱበት ማለት ደግሞ ወደ መተንፈሻዋ ክተቱት ማለት ነው። ሰውየው ይህን ለማወቅ «ከቁስሉ አየር ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃው ነበር። አልጠየቀም።

መጠጫው ውስጥ የሚበጠበጠውስ? አውሬ ያስደነገጣት ዶሮ ጥግ ይዛ ትኮማተራለች እንጂ አትጠጣም። የሚጠጡት ደህናዎቹ ናቸው። መድኃኒቱን የምትፈልገው ሳታገኝ፣ የማያስፈልጋቸው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከካልሲየም ጋር ይተሳሰራል፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ ኖራና የእንቁላል ቅርፊት እየለቀመች የምትውል በመሆኗ ከጠጣችውም ውስጥ ወደ ደሟ የሚገባው ይቀንሳል። እንክብሉ 250 ወይም 500 ሚሊግራም ሆኖ የተሠራው ለሰው ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ ለማትሞላ ዶሮ ስንት እንደሚገባት ሳይመዝኑ መበጥበጥ ሕክምና ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል የሚነካካ መጠን መድኃኒቱን እንዲቋቋም ያስተምረዋል።

እንቁላሉን ደግሞ አስቡት። አስኳል በአንድ ቀን አይሞላም፤ ወደ አሥር ቀን ገደማ ይወስድበታል። ዛሬ የተሰጠ መድኃኒት በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሲሞሉ በቆዩት አስኳሎች ሁሉ ሊገባ ይችላል። ያቺ ዶሮ የምትጥለውን ማን ነው የሚበላው? በየቤቱ እንቁላል የሚቀቀለው ለሕፃን፣ ለታማሚ፣ ለአራስ ነው። ሰውየው «እንቁላሏን ለጊዜው አይብሉ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነፈጋቸው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንቲባዮቲክ አያስፈልግም አላልኩም። ድመት የነከሳት ከሆነ በተለይ ያስፈልጋል፤ ድመት አፍ ውስጥ ያለው ፓስቱሬላ የተባለው ባክቴሪያ ወፍን በአጭር ጊዜ ይገድላል። ያኔ ዶሮዋን ይዞ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሮጥ ነው፤ ለወፍ የሚሆነውን መርጦ በክብደቷ ልክ የሚሰጥ ሰው እዚያ ይፈለጋል። ያም ቢሆን ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ነው።

እስከዚያው የሚያስፈልጋት ሙቀትና ጸጥታ ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስትደነግጥና ደም ስታፈስ ቶሎ ትቀዘቅዛለች። ገለባ የተነጠፈበት ካርቶን፣ ጨለም ያለ ጥግ፣ ከሌሎቹ የተለየ ቦታ ይበቃታል። ደም ያዩ ባልንጀሮቿ ሸለምጥማጥ የጀመረውን በመንቆራቸው ይጨርሱታል። አፏን ፈልቅቆ ውኃ መጋትም ይቅር፤ የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ልትታነቅ ትችላለች። አንጀቷ ከወጣ ወይም ወገቧ ከተሰበረ ግን ማሰቃየት አይገባም፤ ፈጥኖ ማሳረፍ ነው። አውሬ የዘነጠለውን የማይበሉ ምእመናን የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ መድኃኒት የተሰጣትን ግን ማንም በዚያው ቀን ለወጥ ማድረስ የለበትም።

የሬዲዮ አዘጋጆች እንግዳ ስትጋብዙ ሐኪም መሆኑን ጠይቁ። መድኃኒት ቤት ያላችሁም አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። «ለዶሮ ነው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ እንክብል አትቁጠሩለት፤ ሲሪንጅና አዮዲን ስጡት፣ ቁስሉን አጥቦት እንደሆነም ጠይቁት።